«ያለ ሾፌር አልሳፈርም» ለምትሉ

የባሕር ዳር ወገኖቻችን፣ የሾፌር አልባ አውቶቡስ ነገር በተነሳ ቁጥር «ማን ነፍሱን ለብረት ይሰጣል?» ትላላችሁ። መፍራታችሁ አያስወቅስም። የሚያስወቅሳችሁ ሾፌር ያለውን ምንም ሳትጠይቁ መሳፈራችሁ ነው።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ስልኩን ለ3 ሰከንድ ቢያይ 66 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። ከጎንደር ስትመጡ ይህን በዓይናችሁ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጭራሽ «ፈጠን በልልን እንጂ» ትሉታላችሁ። ተዉ!

የምትፈሩትንም እወቁት። አውቶቡሱ ላይ የሚገጠመው ሊዳር የሚባለው መሣሪያ የሌዘር ጨረር ልኮ፣ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት ርቀትን ያሰላል። ራዳር ጭጋግ ውስጥም ከፊት ያለው ነገር በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይለያል። ካሜራ የትራፊክ መብራትና ምልክት ያነባል። ሦስቱ አብረው የሚገጠሙት አንዱ ሲሳነው ሌላው እንዲያይ ነው። አውቶቡሱን እንቅልፍ አይጥለውም፣ ስልክ አያነሳም። ነገር ግን የሐምሌ ዶፍ ጨረሩን ይበትንበታል፣ ጭቃ ካሜራውን ይጋርድበታል፣ የመንገዱ ቀለም ከለቀቀ መስመሩ ይጠፋበታል። ከቆመ ባጃጅ ኋላ ሳይክል ብቅ ሲል ደግሞ ፍሬኑን በኃይል ይይዛል፤ ያኔ ሳይደገፍ የቆመ ተሳፋሪ ይወድቃል። 380 ሜትር ርዝመት ባለው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሳይክሉና እግረኛው የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው ሥራው ይቀለዋል። ቅዳሜ ገበያ ዙሪያ ግን ይከብደዋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ስኮትላንድ ውስጥ ስቴጅኮች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የፎርዝን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ኤዲንብራ የሚሄድ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ራሱን የሚነዳ አውቶቡስ ጀምሮ ነበር። መሪው ኋላ ሾፌር በተጠንቀቅ ይቀመጥ ነበር። በ2025 አገልግሎቱ የተቋረጠው በቂ ተሳፋሪ በማጣቱ ነው። እንዲህ ያለው አውቶቡስ እኛም ዘንድ የመጣ ዕለት በጭፍን አትሽሹት፣ በጭፍንም አትሳፈሩት። ዝናብ ሲበረታ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ከሩቅ ሆኖ የሚከታተለው ማን ነው? ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ በሩ በእጅ ይከፈታል? ብላችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለውን አድርጉ። ሾፌሩ ስልክ ሲያነሳ «ወንድሜ፣ አቁመህ አውራ» በሉት፤ እንቢ ካለ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ውረዱ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አትጠጉለት፤ ትርፍ የጫነ መኪና ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ቶሎ ይግልና መያዝ ያቅተዋል።