«ረክተዋል?» የሚባል መለኪያ የለም

ሰሞኑን አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል የካርፓል ተነል ቀዶ ሕክምና (የእጅ አንጓ ላይ የተጨመቀውን ነርቭ ለማላቀቅ በላዩ ያለው ጅማት የሚቆረጥበት) ውጤት በአንዲት ጥያቄ ብቻ እንዲለካ ወስኗል። በሁለተኛው ሳምንት፣ ስፌቱ ሲወጣ፣ ታካሚው «ረክተዋል?» ይባላል። «አዎ» ካለ ተሳክቷል። መጠይቅ ረጅም ስለሆነ ታካሚን ያሰለቻል ነው ምክንያቱ።

ረጅም? ለዚሁ በሽታ የተዘጋጀው የቦስተኑ መጠይቅ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ስለ ሕመሙ 11፣ ስለ እጅ ሥራ 8 ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ (5 የባሰው)፣ ሁለት አማካዮች፣ አለቀ። ወረፋ እየጠበቁ የሚሞላ ነገር ነው። የተሰለቸው ታካሚው ሳይሆን መዝጋቢው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም ብዙ ጊዜ ለቋል፤ መዳፉ ግን ገና ያመዋል፣ የመጨበጥ ኃይሉም ከቀዶው በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። ለመመለስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። እንቅልፍ ያገኘው «አዎ»፣ ጠባሳው ያመመው «አይ» ይላል። ስለ ነርቩ ማንም አልተናገረም። ደግሞስ መቀስ ይዞ ለቆመ ሐኪም «አልረካሁም» የሚል ማን ነው?

ዋናው ጥፋት ግን ከቀዶው በፊት ምንም አለመለካቱ ነው። ከ4 ወደ 2 የወረደና ድሮም 2 የነበረ ታካሚ በኋላ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ታክሟል፣ ሁለተኛው በከንቱ ተቀድዷል። የአውራ ጣቱ ሥር ጡንቻ ለሟሸሸና ጣቱ ቀን ከሌት ለደነዘዘ ሰው ግን 3 መድረስም ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። «በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ በኋላ መጠየቅ አያድንም፤ ሰው ያለፈውን ሕመም የሚያስታውሰው በዛሬው ስሜቱ ነው። ያልተሳካውንም የሚለየው ቀን ያለው ተከታታይ ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡ ጨርሶ ካልወረደ ጅማቱ እስከ ጫፉ አልተቆረጠ ይሆናል፣ ወይም ምርመራው ስቶ ችግሩ ከአንገት ነርቭ ሊሆን ይችላል። ወርዶ ከተመለሰ ጠባሳ ነርቩን ይዞት ይሆናል። ያልነበረ ድንዛዜ ከመጣ ነርቩ በቢላው ተነክቶ እንደሆነ ይመርመር። «አዎ» እና «አይ» ከእነዚህ የትኛውን ይነግሩናል?

«የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ይበቃል» የሚሉም አሉ። በሽታውን ለመለየት ይጠቅማል፣ እሺ። ታካሚው ድኖ እንኳ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም።

ከቀዶው በፊት፣ በ6ኛው ሳምንት፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይለካ። ለክትትል ያልተመለሱትም ይቆጠሩ። ቅጹ ላይም የትኛው እጅ እንደሆነ ይጻፍ፤ ሁለቱም እጆች ታመው አንዱ ብቻ የተቀደደለት ብዙ ነው።