ለገና ገና ነው

የእድራችን ስብሰባ ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። ድንኳኑ ሥር አሥራ አምስት አንሞላም፤ ጸሐፊው መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ምልዓተ ጉባኤው እስኪሟላ ወደ በሩ ያያል። ጨዋታውን ያነሳው ከፊቴ የተቀመጠ የሁለት ልጆች አባት ነው። ትንሿ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ታንበለብለዋለች። "ምን ይላል ታዲያ?" ሲላት ግን ያንኑ መልሳ ታነብለታለች።

"ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው በቀቀን ለማሳደግ ነው?" አለ።

አጠገቡ የነበረው ሰው በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የንባብ ምዘና መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ገጠር ለገጠር የዞረ ነው። ይህ ወሬ ከተነሳ ዝም አይልም።

"ያንተዋ እኮ ታነባለች" አለው። "እኛ ያኔ በስድስት ቋንቋ ከ13 ሺህ በላይ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ አስነብበናል። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 ከመቶው ከአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ በትክክል አላነበቡም። አንድ! ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም።"

አሠራሩን በእጁ እያሳየ ነገረን። ልጁን ከክፍል ያስጠሩታል፤ ስሙን፣ ሰፈሩን ጠይቀው ያረጋጉታል፤ ከዚያ ወረቀቱን ሰጥተው ሰዓቱን ይጫኑታል። 60 ሰከንድ። የተሳሳተውን ቃል በእርሳስ ይሰርዛሉ። ደቂቃው ሲሞላ ወረቀቱን ይቀበሉትና ካነበበው ክፍል ይጠይቁታል። "አንዷ ልጅ" አለ፣ "ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው። ሥዕል አለው ብላ ነው መሰለኝ። እኔም ሰዓቱን ሳልጫን ዝም ብዬ አየኋት።"

"ቀምታችሁ ነው የምትጠይቁት?" አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። የአማርኛ መምህርት ናት፤ የእድሩ ገንዘብ ያዥም እሷው ናት። "እኔ የቤት ኪራይ ውል አንብቤ ስጨርስ ብትቀሙኝ አንቀጽ ሦስት ምን እንደሚል አልነግራችሁም። ይሄ የማስታወስ ፈተና ነው።"

"ፊደል በፊደል የሚለቅም ልጅ የዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል" አለ ሰውየው። "ፍጥነቱን የምንለካው ለጌጥ አይደለም። አእምሮው ፊደል ሲፈታ ከዋለ ለሐሳቡ ምን ይተርፈዋል?"

"እሺ፣ ቃል ስትቆጥር ምኑን ትቆጥራለህ? 'አልነገርኳቸውም' ያንተ ሰዓት ላይ አንድ ቃል ናት። እንግሊዝኛው አምስት ቃል ያወጣባታል። የእኛ ልጅ በደቂቃ ይህን ያህል አነበበ፣ የዚያ አገር ልጅ ይህን ያህል ብለህ ልታወዳድር ነው?"

"በየቋንቋው ለየብቻ ነው የሚታየው" አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሏል።

እሷ አልለቀቀችውም። ከደረሰኝ ጥራዙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ቃል ጻፈችና ለአባትየው ሰጠችው፦ ለገና ገና ነው። አነበበው፤ በዓሉን አጥብቆ፣ ጊዜውን አላልቶ። "አየህ" አለችው፣ "ፊደሉ አንድ ነው። አጥብቅ የሚል ምልክት የለበትም። የነገረህ ሐሳቡ ነው። ያልገባው ልጅ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ይሄዳል። እኔ ሰዓት አልይዝም፤ ጆሮዬን ነው የምጥለው።"

እስካሁን በከዘራቸው መሬት ሲጭሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀና አሉ። "ይሄማ የንባብ ቤት ነገር ነው እኮ። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፤ የግዕዙ ቃል የሚነበብባቸው አራቱ መንገዶች። የኔታ አለንጋ የሚያነሡት ተነሹን ስጥለው ነበር እንጂ ሳይገባኝ ሲቀር አልነበረም። ዳዊት ስደግም ትርጉሙን ማን ጠየቀኝ? ትርጉም ኋላ መጻሕፍት ቤት ሲገባ 'አንድም' እየተባለ ይመጣል። የሱም ልጅ ትቆይ፣ ይገባታል።"

"አባባ፣ ከንባብ ቤት ጓደኞችዎ መጻሕፍት ቤት የደረሰው ስንቱ ነው?" አለ አባትየው።

አዛውንቱ ሳቁ። "እኔም አልደረስሁ።"

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ ለኔ የጣፈጠኝ። መምህርቷ ወንበሯን አስጠጋች። ጎፍና ተንመር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ሐሳብ በስልጠና ሰምታው ኖሮ እንደ ሒሳብ አስቀመጠችልን። አንብቦ መረዳት ማለት ፊደል መፍታት ሲባዛ በቋንቋው ሰምቶ መረዳት ነው። መደመር አይደለም፣ ማባዛት ነው፤ አንዱ ወገን ዜሮ ከሆነ ሌላው መቶም ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ነው። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች። "ያንተ ልጅ ፊደሉን ጨርሳዋለች። ያንኑ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንተ በጆሮዋ ብታነብላትስ ይገባታል? እንግሊዝኛውን የምትሰማው ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ዜሮው ያለው እዚያ ጋ ነው።"

አባትየው ዝም አለ። ቤቱ እንግሊዝኛ አይወራም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

"ትልቁስ ልጄ?" አለ ቆይቶ። "እሱ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ በአማርኛ ነው የሚማረው። የኅብረተሰብ መጽሐፉን አንድ አንቀጽ አንብቦ አይነግረኝም። የአርሰናልን ዝውውር ግን ከስልኬ ላይ አንብቦ ማን በስንት ተሸጠ፣ ለምን ተሸጠ፣ ሁሉን ይተነትንልሃል።"

ሰዓት ያዡ ሰው እዚህ ላይ ነፍስ ዘራ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሬክትና ሌስሊ አሜሪካ ውስጥ 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነብበው፣ የሆነውን በሞዴል ሜዳ ላይ በአሻንጉሊት እንዲያሳዩ ያደረጉበትን ጥናት ያውቀዋል። በንባብ ፈተና ደካማ የተባሉት ግን ቤዝቦል የሚያውቁት፣ ጎበዝ የተባሉትን ቤዝቦል የማያውቁ በለጧቸው። "ልጅህ ማንበብ አያቅተውም" አለው። "ስለ ኅብረተሰቡ ነው ምንም የማያውቀው።"

"ታዲያ ያንተ ምዘና ምኑን ለካ?" አለችው መምህርቷ። መልስ ሲፈልግ ቆየ። በዚህኛው እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ስለ ፍየል እረኛ የሚተርክ ጽሑፍ ለገጠር ልጅና ለቦሌ ልጅ እኩል አይከብድም።

መፍትሔውን ስትጠየቅ ብዙ አላስረዘመችውም። ፓሊንክሳርና ብራውን በ1984 እ.ኤ.አ. የጻፉትን፣ ልጆች እየተፈራረቁ አስተማሪ የሚሆኑበትን መንገድ ትሞክራለች፦ ማጠቃለል፣ መጠየቅ፣ ያልገባውን ማብራራት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት። ፊደል እየፈቱ ሐሳቡ ለማያርፍላቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ነበር የተሞከረው። "60 ልጅ ባለበት ክፍል ይሆናል?" አልኳት። "ቡድን አደርጋቸዋለሁ። ይንጫጫሉ። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ይልና ክፍሉ ተረበሸ ይለኛል።"

ይህን እያለች ምልዓተ ጉባኤው ሞላ። ጸሐፊው ተነሥቶ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በአንድ ትንፋሽ አነበበው። "የምትቃወሙ? ድምፀ ተዓቅቦ?" አለ፤ ሁላችንም አጸደቅን። መምህርቷ ወደ ሰዓት ያዡ ጎንበስ ብላ "በደቂቃ ስንት ቃል ይሆናል?" አለችው። የመዋጮው ጭማሪ እዚያ ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት በወሩ መጨረሻ ስከፍል ነው።

ከሁለቱ ለማን ትፈርዳለህ ብትሉኝ፣ ወረቀት ገልብጣ ለያዘችው ልጅ ስል ለሰዓት ያዡ እፈርዳለሁ። የአንድ መምህርት ጆሮ የሚሠራው አጠገቧ ላለ ልጅ ነው፤ 34 ከመቶ የሚለው ቁጥር ግን ገጠር ለገጠር ካልተዞረ አይገኝም ነበር። ግን እዚያው ላይ ነው የማቆመው። ሰዓቱ አለማንበብን ይይዛል እንጂ አለመረዳትን ከእጁ ያመልጠዋል፤ ወረቀት ቀምቶ የሚጠየቅ ጥቂት ጥያቄ የአባትየውን ሁለት ልጆች ለይቶ አያሳየንም። አንዷ ቋንቋው የላትም፣ አንዱ ዕውቀቱ የለውም፤ በዚያ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም "አልመለሰም" ተብለው ይጻፋሉ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት አስጠኚ ቢቀጠር ገንዘቡ ባከነ። መምህርቷንም በአንድ ነገር እከሳታለሁ፦ ማጥበቅና ማላላት የዓረፍተ ነገሩን መግባት እንጂ የምዕራፉን አይነግራትም። እሱን የሚነግራት ርእሰ መምህሩ የሚቆጣው ጫጫታ ነው።

ማታ ቤት ስገባ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ሁለተኛ ክፍል ነው። ወረቀት ላይ ጻፍኩለት፦ ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሰፊ አድርጎ ሰፋው።

እየለቀመ ሄደ። ሁለተኛውን "ሰፊ" እንደ መጀመሪያው አላልቶ አለፈው፤ "አድርጎ" ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ወደ ኋላ መለሰና አጥብቆ ደገመው። ጨርሶ ቀና አለ።

"ሰውዬው ወፍሮ ነው?" አለኝ።