ኤምአርአዩ ደህና ነው ማለት ሰውዬው ደህና ነው ማለት አይደለም
ስለ መርሳት በሽታ በተለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ ያለችው «ኤምአርአይ የመርሳት በሽታውን ዓይነት ይለያል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ተጋንናለች። ኤምአርአይ በማግኔት የአንጎልን ምስል የሚያነሳ ምርመራ ነው። አንዳንዴ አዎ። ሂፖካምፐስ የሚሉት የማስታወሻ ክፍል ከሟሸሸ አልዛይመርን ያስጠረጥራል። ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ወይም ዕጢ ካለም ያሳያል፤ ለዚህ ለዚህ ወደር የለውም። የአባቴ ውጤት ግን «ለዕድሜው ደህና ነው» ተብሎ ነው የወጣው። እሱ ደግሞ ማታ ማታ ሶፋው ጥግ የተቀመጡ ልጆች ያያል። «ለነዚህ ልጆች እራት አትሰጫቸውም እንዴ?» እያለ እናቴን ይቆጣታል። ዘመድ ሁሉ ጠበል አለ (ጠበሉንም አልተውንም)። ያለነው ሜሪላንድ ነው፤ በኋላ አንዲት የነርቭ ሐኪም ዳትስካን አዘዘችለት። በደም ሥር ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት ሰጥተው፣ አንጎል ውስጥ ያሉትን የዶፓሚን ሴሎች የሚያዩበት ምርመራ ነው። ሉዊ ቦዲ ለሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት ምርመራ እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለት ጭራ ያላቸው ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ የአባቴ ጭራቸው የለም፣ ሁለት ነጥብ ብቻ። ሉዊ ቦዲ ነው ተባለ። ከላይ አስተያየት ላይ «መድኃኒት ለሌለው በሽታ ዓይነቱ ቢታወቅ ምን ሊረባ?» ላሉት ወንድሜ፦ በጣም ይረባል እንጂ! ሉዊ ቦዲ ያለበትን ሰው ሃሎፔሪዶል የሚባለው የተረበሸ ሕመምተኛ ማረጋጊያ መድኃኒት ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። አባቴ አንድ ሌሊት ተረብሾ ድንገተኛ ክፍል ስንወስደው ሊወጉት ያዘጋጁት እሱኑ ነበር፤ የምርመራውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳያቸው ነው የተዉት።