ክሮም ሀርትስ ከየመንገዱ የተለቃቀመ ባንድ አይደለም

«የሮክ ዘፋኙ ኒል ያንግ በስተርጅናው የማያውቃቸውን ወጣቶች ሰብስቦ አልበም ሠራ» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። በፈረንጆቹ 2025 በወጣው «ቶኪን ቱ ዘ ትሪስ» አልበሙ ላይ አዲስ ነገር ቢኖር አብሮት የሚጫወተው ባንድ ስም፣ «ክሮም ሀርትስ» የሚለው፣ ነው። ጊታሪስቱ ማይካ ኔልሰን፣ ቤዝ የሚጫወተው ኮሪ ማኮርሚክና ድራመሩ አንቶኒ ሎጀርፎ ሦስቱም ፕሮሚስ ኦፍ ዘ ሪል የተባለው ባንድ ልጆች ናቸው፤ ከኒል ጋር በ2015 «ዘ ሞንሳንቶ ይርስ» የተባለውን አልበም ሠርተዋል። አሥር ዓመት አብሮ የሠራ ሰው እንዴት እንግዳ ይባላል?

«ወጣቶች» የምትሉትም ኦርጋን ተጫዋቹን ስፑነር ኦልድሃምን ጭራሽ ረስታችሁ ነው። ሰውዬው የ1943 ልጅ ነው፣ ኒልን ራሱን በሁለት ዓመት ይበልጠዋል! ዘፋኟ አሪታ ፍራንክሊን በ1967 ያወጣችውን «አይ ኔቨር ላቭድ ኤ ማን» ክፈቱና መግቢያውን ብቻ ስሙት፤ ድምፅዋ ከመግባቱ በፊት ረጋ ብሎ ዘፈኑን የሚጀምረው ኤሌክትሪክ ፒያኖ የእሱ ነው። በ1992ቱ የኒል አልበም «ሃርቨስት ሙን» ላይም አለ።

«የኒል የድሮ ባንድ ክሬዚ ሆርስ ስሙን ቀይሮ መጣ» የምትሉም አላችሁ። ማይካ በ2024 ከእነሱ ጋር መድረክ ላይ ስለታየ ግራ ቢያጋባ አይገርምም፤ ግን የክሬዚ ሆርሶቹ ቢሊ ታልቦትና ራልፍ ሞሊና የክሮም ሀርትስ አባል አይደሉም።