ዘጠኝ እጅ ለአንድ ያርድ

ያርድ የተባለውን የእንግሊዞች የርዝመት መለኪያ የፈረስ ቁመት ወደሚለካበት «እጅ» መለወጥ የሒሳብ ሊቅ አይጠይቅም። አንድ ያርድ 36 ኢንች፣ አንድ እጅ ደግሞ 4 ኢንች ስለሆነ ያርዱን በ9 ማባዛት፣ እጁን ለ9 ማካፈል ይበቃል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለወግ ባልበቃ ነበር፤ ችግሩ እጅ የሚባለው መለኪያ በፈረስ ወዳጆች ይዞታ ሥር መውደቁ ነው። በእነርሱ ማኅበር ውስጥ የአንድን ፈረስ ቁመት «አንድ ያርድ ከሁለት ሦስተኛ» ብሎ የተናገረ ሰው፣ በትክክል 15 እጅ ማለቱ ቢሆንም፣ በሠርግ ቤት ሙሾ ያወረደ ያህል ዓይን ይበዛበታል።

ቁመቱ የሚለካው ከመሬት ተነሥቶ አንገቱ ከጀርባው ጋር እስከሚገናኝበት ከፍታ ድረስ ነው፤ ፈረስ አንገቱን እንዳሻው ቀናና ደፋ ስለሚያደርግ ጭንቅላቱ ለባለቤቱ ኩራት እንጂ ለመለኪያ አይታመንም።

ዋናው ጣጣ ግን ነጥቧ ናት። «15.2» ተብሎ ሲጻፍ 15 እጅ ከ2 ኢንች፣ ማለትም 15 እጅ ተኩል ማለት ነው፤ ከ15.3 ቀጥሎ የሚመጣውም 16 እንጂ 15.4 አይደለም። ይህን ያልተነገረው የስልክ ማስሊያ 15.2ን ለ9 አካፍሎ 1.69 ያርድ ይላል፤ እውነቱ 1.72 ነው። ልዩነቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለፈረሱ ምኑም አይደለም፤ በብዙ ውድድሮች ግን ድንክ ፈረስንና ፈረስን የሚለየው ድንበር 14.2 እጅ ስለሆነ ለባለቤቱ የሞት ሽረት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህም ያው እንስሳ ለሽያጭ በቀረበ ዕለት ሲመዘዝ፣ ለድንክ ፈረሶች ውድድር በሚለካበት ዕለት ደግሞ ኩምሽሽ ሲል ይታያል።

በ1834 እ.ኤ.አ. የለንደን ፓርላማ ሲቃጠል የያርዱ መደበኛ ዘንግ አብሮ ተበላሸ፤ እጅ ግን በየባለቤቱ ክንድ ላይ በሰላም አደረ። በ1959 እ.ኤ.አ. ስድስት አገሮች ተስማምተው ያርድን 0.9144 ሜትር ላይ ሲቸነክሩት፣ እጅም ሳይጠየቅ 10.16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተከተለ።

የሚገርመው፣ እነዚያው ያርድን የተጸየፉ ሰዎች ፈረሱ መሮጥ ሲጀምር እጅን እርግፍ አድርገው ይተዉታል። በ440 ያርድ ውድድር ማግስት «ፈረሴ 3,960 እጅ ሮጠ» ብሎ የሚፎክር አልሰማሁም። ሁለት ፈረሶች ተናንቀው መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሱ ደግሞ ያርዱም እጁም ይቀርና «በአፍንጫ ቀደመ»፣ «በአንገት ቀደመ» ይባላል፤ ለቁመት አትታመንም የተባለችው ጭንቅላት እዚህ ላይ ያለ ይግባኝ ትፈርዳለች።