ሸላሚው የማይታይ አዝማሪ

ባለፈው ሰሞን ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ስልጠና ተጠርቼ ነበር። ርዕሱ «የዜጎች ተሳትፎ» ነው። ባነር፣ የታሸገ ውኃ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ሳምቡሳ። የጠራን ማኅበር «ከፖለቲካ ገለልተኛ ነኝ» ይላል። ከሦስቱ አቅራቢዎች ሁለቱ ግን ለአንድ ፓርቲ ሲቀሰቅሱ በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ።

ማታ አበል ስንፈርም ከፋይዋን ልጅ «ይሄ ብር ከማን ነው?» አልኳት።

«ከለጋሾቻችን።»

«እነማን?»

ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ እዚች ጋ ይፈርሙ» አለች። ፈረምኩ። አበሉንም አልመለስኩም፤ እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የሸለመ ይወደሳል። እዚያ ግን ብሩን ግንባር ላይ የለጠፈውን ሰውዬ ሁላችንም እናየዋለን፤ ግጥሙ ለማን እንደሆነ እናውቃለን። የማኅበሮቻችን ሸላሚ አይታይም።

ለጋሽ እኮ «እንዲህ በሉ» ብሎ አያዝም። ምን አደከመው፣ ይሉኝታ ይበቃል። የከርሞው ፕሮጀክት እንዳይቀር ሲባል አንዱ ርዕስ ከፕሮግራሙ ይወጣል። አንዱ ተናጋሪ ሳይጠራ ይቀራል። ሪፖርቱ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትለዝባለች።

«የውጭ ብር ይከልከል» የሚሉ አሉ። እሱንማ አየነው። የ2001ዱ አዋጅ 621፣ በመብትና በዴሞክራሲ ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አለ። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ኢሰመጉ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ገደቡን አነሳ፤ ደግ አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ አዋጅ 1162 ደግሞ ፓርቲ ከውጭ ዜጋም ከውጭ ድርጅትም ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል። ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው፦ ፓርቲው የማይነካውን ብር የፓርቲው ወዳጅ ማኅበር ይቀበልለታል። የአገር ውስጥ ባለሀብት ብርም ቢሆን ያው ነው፤ ስሙ ካልተነገረ ምን ለየው?

ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ያለው እድራችን በወር አንዴ እሑድ ደብተሩን ያስነብባል። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ለድንኳን ስንት ወጣ። ገንዘብ ያዡ ይቆጣሉ እንጂ አይደብቁም። ማኅበራቱም በየዓመቱ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማስገባት ግዴታቸው ነው። የለጋሾቻቸው ዝርዝር እጃቸው ላይ አለ። በሚቀጥለው ስልጠና እሱን የያዘች አንዲት ወረቀት ከባነሩ ጎን ይለጥፉልን፤ ሳምቡሳው ቢቀርም ግድ የለም።