1984ን በማኪያቶ ለምታነቡ

የጆርጅ ኦርዌልን ልቦለድ «1984»ን ካፌ ይዛችሁ ለምትወጡ ወገኖቼ በሙሉ እጅ ነስቻለሁ። ስንቱ ሰው እቤቱ ተሸሽጎ ሦስቱንም ክፍል ጨርሶ፣ ከኋላ ያለችውን ስለ ቋንቋ የምታትት አባሪ ሳይቀር አንብቦ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ቁጭ ይላል። ምን ዋጋ አለው? እናንተ ግን ካዟሪ ላይ ተከራክራችሁ በገዛችሁ በሰዓቱ ለሕዝብ ታደርሱታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ሲያነብ በዓይኔ አየሁ። መጽሐፉን ከስኒው በስተግራ አኖረው። አልጣመውም። ወደ ቀኝ አዞረው። የስኳር ዕቃውን አነሳ፣ የመኪና ቁልፍ አስጠጋ (መኪናው የእህቱ ነው)፣ አረፋው ሳይወርድ ቶሎ ቶሎ ፎቶ አነሳ። ከዚያ መሃሉን ገለጠና ደገመ፣ ጀማሪ እንዳይመስልበት። ካፌውን ከነሰፈሩ ከነሰዓቱ ለጥፎ ከሥሩ «ታላቅ ወንድም እያየህ ነው» ብሎ ጻፈበት፤ መጽሐፉ ውስጥ ሕዝቡን ሁሉ የሚሰልለው ገዢ መፈክር ነች። እኛ ቤት ታላቅ ወንድም አየህ ማለት ለእማዬ ይነግርብሃል ማለት ነበር፣ ይሁን። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ይህንን መስዋዕትነት ማን ይቆጥርለታል?

«ስለ ምንድነው?» አልኩት።

«ስለ ሲስተሙ ነዋ!»

አለቀ። ኦርዌል ጁራ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ሳንባው እየታመመ የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣውን መጽሐፍ፣ ወዳጄ በሁለት ቃል ገላገለን። ልቦለዱ ውስጥ ሳይም የሚባል ሰው አለ፤ ሥራው ቃላት እየሰረዘ መዝገበ ቃላቱን ማሳጠር ነው። ወዳጄን ቢያገኘው ያለ ፈተና ይቀጥረው ነበር።

አጠገባችን የነበረው ልጅ ደግሞ «1984 በኛ ነው በፈረንጅ?» አለ። በፈረንጅ መሆኑን ስንነግረው «እንግዲያማ ስለ 77ቱ ድርቅ ነው» ብሎ ቁጭ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ድርቁ ተወራ፤ ወዳጄ መጽሐፉ ላይ እጁን ጭኖ በየመሃሉ «ትክክል!» ይላል። አልፈርድበትም። ዋናው ገፀ ባሕርይ ዊንስተንም እኮ ማስታወሻው ላይ 1984 ብሎ ይጻፍ እንጂ ዓመቱ እሱ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለም።

ደግሞ ያልጨረሱትን ለሚያሙ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራቸው። እዚያው ልቦለድ ውስጥ ዊንስተን በስንት ፍርሃት የተከለከለ መጽሐፍ ያገኝና ለጁሊያ ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሷን እንቅልፍ ይጥላታል። እሱም ዋናው «ለምን» ጋ ሲደርስ መተኛቷን ያይና መጽሐፉን ዘግቶ ጋደም ይላል። በዚያው ይያዛሉ። መጽሐፉን ሁለቱም አልጨረሱትም!

ይህን ለማጽናናት ብዬ ለወዳጄ ስነግረው ስልኩን ቁጭ አድርጎ አፈጠጠብኝ።

«ይያዛሉ እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ልጨርሰው ስል አበላሸህብኝ እኮ!»